ከእመት ዘምዘም አልጋ እስከ ጂዳ

ሰው ሲጠይቀኝ «ነርስ ነበርኩ» እላለሁ። ውሸት አይደለም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ጋውን ለብሻለሁ፤ መርፌ ወግቻለሁ፤ ቁስል አጥቤአለሁ፤ ስንቱን አዋልጃለሁ። ግን ባለፈው ሰኔ ጡረታ ወጥቼ ቤቴ ከተቀመጥኩ ወዲህ ነገሩን መለስ ብዬ ሳስበው፣ ዋናው ሥራዬ መርፌው አልነበረም። ስልኩ ነበር። የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ዓመታት ያሳለፍኩት መካነ ሰላም በሚገኝ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ግቢ ውስጥ ነው። እዚያ የአንዱን እናት፣ የሌላውን አባት ጤንነት ለሩቅ ልጆች እነግር ነበር። ይህ ሥራ ቀላል የሚመስለው ሰው ካለ አንድ ቀን ይሞክረው።

የሽኝቱ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ኃላፊያችን ባደረገው ንግግር አራት ጊዜ «ታታሪ» አለኝ፤ ቆጥሬአለሁ። ስለ ስልኩ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም። አልፈርድበትም። ለደመወዝ መደቡ በወጣው የሥራ ዝርዝር ላይ «ቤተሰብን ማሳወቅ» የሚለው የተጻፈው ከመጨረሻው በፊት ባለው መስመር ነው፤ «ሌሎች ተዛማጅ ሥራዎችን» ከሚለው አንድ ከፍ ብሎ።

የደጎሎ ልጅ ነኝ። አባቴ ቄስ ስለነበሩ ቤታችን ክፉ ወሬ የሚያመጣ ሰው አጥቶ አያውቅም። የሞተበት ሰው ቀድሞ የሚያንኳኳው የኛን በር ነበር። ልጅ ሆኜ አባቴ ጎህ ሳይቀድ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከጎረቤት ሽማግሌዎች ጋር መርዶ ሊያረዱ ሲወጡ አያለሁ። መርዶ ተረጂው ገና አልጋው ላይ እያለ፣ ሰው ከብቦት፣ ዘመድ ደግፎት ነው የሚነገረው። ብቻውን ለቆመ ሰው፣ መንገድ ላይ ላለ ሰው፣ በሰው አገር ላለ ሰው መርዶ አይነገርም። ይህንን ከእናቴ ጡት ጋር ጠባሁት ማለት እችላለሁ። በኋላ ጉድ የሠራኝም ይኸው ነው።

መጀመሪያ የተመደብኩት ከላላ ነው። መኪና በሌለበት፣ በሽተኛ በቃሬዛ በሚመጣበት ጊዜ አምስት ዓመት ሠራሁ። ቃሬዛውን ያወረዱት ሰዎች ከበሽተኛው ይልቅ እኔን ነበር የሚያዩት፤ ፊቴን ለማንበብ። ፊት አለማሳየትን እዚያ ተማርኩ። ከዚያ ወረኢሉ ተዛወርኩ። የወረኢሉው አለቃዬ ጎበዝ ባለሙያ ነበር፤ ግን ለታማሚ ቤተሰብ የሚናገረው እንደ መማሪያ መጽሐፍ ነው። አንድ ጊዜ ለአንድ የከብት ነጋዴ የሚስቱን ሕመም ሩብ ሰዓት ሙሉ አብራራላቸው። ሰውዬው በአክብሮት ሰምተው ሲያበቁ ወደኔ ዞር ብለው፣ «እንግዲህ ጌታው ብዙ ተናገሩ፤ ትተርፋለች ወይስ አትተርፍም?» አሉኝ። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ጥያቄ አላውቅም።

መካነ ሰላም ስመጣ ሃምሳ ሊሞላኝ አንድ ዓመት ነበር የቀረኝ። ብዙ አውቃለሁ ብዬ ነው የመጣሁት። እዚያ ጋሼ ይመርን አገኘሁ።

ጋሼ ይመር የድሮ ድሬሰር፣ ቁስል ጠራጊ፣ ናቸው። ጡረታ ወጥተውም ግቢውን አልለቀቁም፤ ደመወዝ ቢቆምም ጧት ጧት ይመጡ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ነጭ ቆባቸው ከራሳቸው የማይለይ ሰው ናቸው። ግቢው ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያደርጉት ነገር አለ። ከአልጋ አልጋ እየዞሩ፣ የእያንዳንዱን አዛውንት ብርድ ልብስ ከግርጌ በኩል ገለጥ አድርገው እግሩን ይጨብጣሉ። እንደ ሰላምታ ነው የሚያስመስሉት። ግን በዚያች ቅጽበት እብጠቱን፣ ብርደቱን፣ ድርቀቱን ለቅመው ጨርሰዋል። «ፊት እንግዳ ሲመጣ ይዋሻል፤ እግር አይዋሽም» ይላሉ። ዶክተሩ በመሣሪያ ያገኘውን የልብ ድካም እሳቸው ከሳምንት በፊት በመዳፋቸው አግኝተውት ያደሩበት ጊዜ አለ። ቆሜ አይቻለሁ፤ እስከ ዛሬም ይደንቀኛል።

የስልካቸው ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ለቤተሰብ ሲደውሉ አይቀመጡም። ይቆማሉ፤ ቆባቸውን ያወልቃሉ። ከሰላምታ በኋላ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፦ «ማን አለ ከጎንሽ?» ሁለተኛው ደግሞ፦ «እሳት ላይ የተጣደ ነገር አለ?» አለ ከተባለ፣ «አውርጂና ተመለሺ» ብለው ይጠብቃሉ። ከዚያ ነገሩን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይናገራሉ። አዛውንቱ ትላንት የበሉትን፣ ዛሬ የበሉትን፣ ትላንት የሄዱትን፣ ዛሬ ያልሄዱትን። ተናግረው ሲጨርሱ ዝም ይላሉ። ያ ዝምታ መጀመሪያ ላይ ያስጨንቀኝ ነበር። ወዲያ ያለው ሰው ያለቅሳል፣ ይቆጣል፣ ይጠይቃል፤ እሳቸው ስልኩን ይዘው ቆመዋል። በመጨረሻም «ነገ በዚህ ሰዓት እደውላለሁ» ይላሉ። አዲስ ነገር ባይኖርም በማግሥቱ በዚያው ሰዓት ይደውላሉ። ቀርተው አያውቁም።

እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት በኋላ ነው። በመጣሁ በሦስተኛው ወር የሠራሁትን ልንገራችሁ።

መሪጌታ ወልዴ የሚባሉ፣ ከከላላ ወዲያ ካለ አንድ ደብር የመጡ የቅኔ መምህር ነበሩ። እግራቸው ማበጥ፣ ትንፋሻቸው ማጠር ጀመረ። ቤተሰባቸው ስልክ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ፣ ለገበያ የመጣ የአገራቸው ሰው አግኝቼ፣ «መሪጌታን ትንሽ አሟቸዋልና መጥታችሁ እዩአቸው በልልኝ» አልኩት። ሰውዬው ፊቱ ጠቆረ። ራሱን ነቀነቀ። «እሺ፣ እግዜር ያጽናችሁ» ብሎኝ ሄደ። መቼም ደግ ሰው ነው አልኩ።

በሦስተኛው ቀን ከረፋዱ ላይ ከግቢው በር ጩኸት ተነሣ። በቅሎዎች፣ ነጠላቸውን አገልድመው ወገባቸውን የታጠቁ ሴቶች፣ ጸጉሯን የነጨች እህት፣ መገነዣ ነጭ ጨርቅ በአገልግል የያዘ ወንድም። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም! መሪጌታ በሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፈው ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፤ ሰዎቹን ከሩቅ አልለዩአቸውም።

«ማነው ያረፈው?» አሉኝ።

ወደ በሩ ስሮጥ በሽተኛ የሞተብኝ መስሏቸው አዘኑልኝ። «ነፍስ ይማር» ብለው ተነሡ፤ ሊያለቅሱ። በዚህ መሐል እህትየው አየቻቸውና ተዝለፍልፋ ወደቀች። ውኃ ረጭተን፣ እግሯን ከፍ አድርገን፣ ስንት ተጨንቀን ነው የተመለሰችው። ነገሩ የገባቸው መሪጌታ ግን ቀስ ብለው ቦታቸው ተቀመጡ።

«እኔ ነኝ እንዴ? በሉ ከደከማችሁ አይቀር አልቅሱልኝ፤ የሚባልልኝን ሰምቼ ልሙት» አሉ። አንዷ አልቃሽ በድንጋጤ የጀመረችውን ሙሾ ደገመችው። መሪጌታ ጆሯቸውን አዘንብለው አዳመጡና፣ «ቤቱ አይመታም፤ ሁለተኛውን ስንኝ ለውጪው» አሏት። ለቅሶው በሳቅ ተበተነ። ሳቁ ግን እኔን አላዳነኝም። የዚያች እህት ልብ ቢቆም ኖሮ ምን ይውጠኝ ነበር?

ጋሼ ይመር ሰዎቹን ሸኝተው ሲመለሱ አልጮኹብኝም። «አንቺ የቄስ ልጅ አይደለሽም? ሰው ሞቶ ለዘመዱ ሲላክ ምን ተብሎ ነው የሚላከው?»

«ትንሽ አሞታል፣ ና ይባላል።»

«ታዲያ ታውቂው የለ?»

አውቀው ነበር። ጋውን ስለብስ የረሳሁት ነው። በኛ አገር እውነተኛ ሕመም ለመናገር ቃል የለም ማለት ይቻላል፤ ቃሎቹን ሁሉ ሞት ወስዷቸዋል። «ደህና ናቸው» ቢባል ማንም አያምን፤ «አሟቸዋል» ቢባል ሰው ይገንዛል። ስለዚህ ነው ጋሼ ይመር የሕመም ስም ትተው የሰውዬውን ውሎ የሚናገሩት። ከዚያም በላይ፣ ከአዛውንቱ አፍ በዚያው ዕለት የወጣ አንድ ነገር ይጨምራሉ፤ ተግሣጽ፣ ቀልድ፣ ምርቃት። «መሪጌታ እግራቸው አብጧል፤ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፤ ዛሬ ጧት ግን ገንፎው ቅቤ አነሰው ብለው ተቆጥተዋል» ከተባለ የሚገንዝ ሰው አይመጣም፤ ቅቤ ይዞ ነው የሚመጣው። በእርግጥም ከዚያ በኋላ ቅቤ መጣ።

አሁን ወደ እመት ዘምዘም ልምጣ። እስካሁን ዙሪያውን ስዞር የቆየሁት እሳቸው ጋ ላለመድረስ ነው።

እመት ዘምዘም የወረኢሉ ሰው ናቸው። አንዲት ልጅ ብቻ ነበረቻቸው፤ ሰዓዳ። ጂዳ በሰው ቤት ትሠራለች። እናቷን መጦሪያ ቤት በማስገባቷ አገሩ ሁሉ አምቷታል፤ እናትየው ግን አንድ ቀን አላሟትም። «ልጄ እኔን ለመጦር ነው የሰው ልጅ የምታጥበው» ይሉ ነበር። ሰዓዳ በየጁምዓው፣ ከሶላት በፊት ትደውላለች። ያን ጊዜ እመት ዘምዘም አልጋቸው ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡና ዱዓ ያደርጋሉ።

ወሎዬ መራቂ ነው ይባላል፤ እኔም ብዙ ምርቃት ሰምቻለሁ። የእሳቸው ግን ልዩ ነበር። «ልጄ፣ አላህ ከሰው ፊት ያቁምሽ። የረገጥሽው ይለምልም፣ የጨበጥሽው ይባረክ። ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ክፉ ቃል አይድረስሽ። ወጥተሽ የምትገቢ፣ ሄደሽ የምትመለሺ ያድርግሽ።» በየመሐሉ ቆም ይላሉ። ያን ጊዜ ክፍሉ ሁሉ «አሚን» ይላል። እስላሙም ክርስቲያኑም። ከመሪጌታ ወልዴ ድምፅ የሚበልጥ አሚን አልነበረም። እኔ መርፌ ይዤ የቆምኩ እንደሆነ መርፌውን ይዤ አሚን እላለሁ። ስንት ደሀና ሀብታም ያየ ሰው፣ ጉልበቱ አልቆ፣ ጥርሱ ረግፎ፣ ይህን ያህል ነገር የሚሰጥ መሆኑ ይገርመኝ ነበር።

አንዳንድ ጁምዓ መስመሩ እንቢ ይላል። ለዚያ ብዬ ዱዓውን በእጅ ስልኬ መቅዳት ለመድኩ። ሰዓዳ በማግሥቱ ስትደውል ከሌላ ስልክ አንሥቼ ቅጂውን አሰማታለሁ። ደግሞ ቅጂ መሆኑን እነግራታለሁ። እሷም በበኩሏ የሰማችውን በስልኳ እየቀዳች ታስቀምጠው ነበር።

በአንድ ታኅሣሥ፣ ጋሼ ይመር ወንድማቸው ታሞ ደጎሎ በሄዱበት ሳምንት፣ እመት ዘምዘም ጧት ከእንቅልፋቸው ሲነሡ ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። አፋቸው ተጣመመ። ምላሳቸው ታሰረ። ሐኪሙ መጥቶ አየ፤ ስትሮክ ነው አለ። የሚደረገው ተደረገ። ከአንገት በላይ ዓይናቸው ብቻ እንደ ድሮው ነበር፤ ሁሉን ያያል፣ ሁሉን ያውቃል። ቃል ግን የለም።

በሦስተኛው ቀን ጁምዓ ሆነ። ስልኩ ጮኸ።

«ሲስተር፣ ዛሬ የእናቴን ዱዓ አጥብቄ ፈልጌዋለሁ። የምወስነው ነገር አለ» አለች ሰዓዳ።

ምን እንደምትወስን አልጠየቅኳትም። ማን ከጎኗ እንዳለም አልጠየቅኳትም። የታየኝ አንድ ነገር ነው፦ በሰው አገር፣ በሰው ማድቤት ውስጥ ብቻዋን የቆመች ልጅ። የአባቴ ልጅ ነኝ፤ ብቻውን ለቆመ ሰው ክፉ ነገር አይነገርም። «እሺ፣ እነሆ» አልኩና የሐምሌውን ቅጂ ከፍቼ ስልኩን ከስልኩ ገጠምኩት።

«ልጄ፣ አላህ ከሰው ፊት ያቁምሽ...»

እመት ዘምዘም አልጋቸው ላይ ሆነው የገዛ ድምፃቸውን ሰሙ። ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ። ቁጣ ቢሆን እችለው ነበር። የጠየቁኝ ይመስለኛል፤ ምን እያደረግሽ ነው ብለው። ዱዓው እስኪያልቅ ዓይናቸውን አልነቀሉም፤ እኔ ነኝ ፊቴን ያዞርኩት። ክፍሉ ውስጥ አሚን ያለ ሰው አልነበረም። መሪጌታ እንኳ አንገታቸውን ደፉ።

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። በሚቀጥለው ጁምዓ ሰዓዳ አልደወለችም። በተከታዩም አልደወለችም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። አንድ ጊዜ እንኳ «ይህች ልጅ ለምን ዝም አለች?» ብዬ አልጠየቅኩም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ጋሼ ይመር ከሦስት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። እንደ ልማዳቸው እግር እየጨበጡ መጥተው እመት ዘምዘም ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ቀኝ እግራቸውን ያዙ፤ ግራውን ያዙ። ረጅም ጊዜ ያዙት።

«ሰዓዳ ምን አለች?» አሉኝ።

ሁሉንም ነገርኳቸው። ቆባቸውን አወለቁ። ይቆጣሉ ብዬ ስጠብቅ፣ «መጀመሪያ ከጎኗ የሚቆም ሰው እንፈልግላት» ብቻ አሉ። ከተማው ውስጥ ልጇ ጂዳ የምትሠራ አንዲት ሴት ያውቁ ነበር። ልጅቱ ራቢያ ትባላለች፤ የሰዓዳ ጓደኛ ናት። በእናቷ በኩል ተላከባት፤ አሠሪዎቿን አስፈቅዳ ሰዓዳ ያለችበት ቤት ድረስ እንድትሄድ። ይህ ብቻ አራት ቀን ፈጀ።

ጁምዓ ጧት ጋሼ ይመር ቆመው፣ ቆባቸውን አውልቀው ደወሉ። ክፍሉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግነው።

«ሰዓዳ፣ ማን አለ ከጎንሽ?»

«ራቢያ አለች።» ድምጿ የደረቀ ነበር። «ጋሼ፣ አይድከሙ። አውቄዋለሁ።»

«ምኑን?»

«እናቴ መሞቷን።»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። ሰዓዳ ቀጠለች። ያን ዕለት የሰማችውን ዱዓ ቀድታው ኖሮ በማግሥቱ ደግማ ሰማችው። ከእናቷ ድምፅ ጀርባ ዝናብ ሰማች፤ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ የክረምት ዝናብ። «የራቢያ አባት በዚያው ሳምንት አውድማ ላይ ነን፣ እህል እየወቃን ነው ብለዋታል። በዝናብ የሚወቃ እህል የት አለ? የሐምሌ ዱዓ ነው ያሰማችሁኝ። እናቴ አፍ እያላት ለምን የሐምሌውን ታሰሙኛላችሁ? ሞታለች ማለት ነው አልኩ።»

«ልጄ፣ ለምን አልጠየቅሽንም?» አሉ ጋሼ ይመር።

«ብጠይቅ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ፈራሁ።»

ሦስት ሳምንት ሙሉ፣ የሰው ልጅ እያጠበች፣ የሰው ልብስ እየተኮሰች፣ በሕይወት ያለች እናቷን ብቻዋን አለቀሰች። የሚያጽናናት ሰው አልነበረም፤ ለማን ትናገራለች? ከዱዓው በፊት የነበራት ውሳኔ ደግሞ ውል ማደስ ወይም መመለስ ነበር። እናቷ ደህና ከሆነች ለሁለት ዓመት ልትፈርም፣ ካልሆነች ልትመለስ። በእኔ ዱዓ በዚያው ዕለት ፈርማለች። ልጅቱን ከክፉ ወሬ አተርፋለሁ ብዬ እናቷን ገደልኩባት፤ መመለሻዋንም ዘጋሁ።

«አብሽሪ ሰዓዳ። እናትሽ በሕይወት አለች» አሉ ጋሼ ይመር። የሆነውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ነገሯት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ዝም አሉ።

«እንደዚህ ነው የሚባለው» አለች ሰዓዳ። «አውቃለሁ። መጀመሪያ ታማለች ይባላል፣ በኋላ ነው የሚነገረው። ካለች ድምጿን አሰሙኝ።»

«ድምፅ አጥታለች አልኩሽ እኮ።»

«አያችሁ!» ብላ ጮኸች። ራቢያ «ሰዓዳ፣ ሰዓዳ» ስትል ይሰማል። ስልኩን ተቀብዬ፣ «ሰዓዳ፣ የዋሸሁሽ እኔ ነኝ፤ አሁን ግን እውነት ነው፣ እናትሽ እዚህ አሉ፣ እያዩኝ ነው» አልኳት። «ወላሂ ሲስተር፣ እርስዎን ከእንግዲህ ማን ያምናል?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ምስል እናሳያት እንዳንል ዳታ የሚባለው ነገር ከጠፋ ሰንብቷል። እናትና ልጅ አንድ መስመር ላይ ሆነው፣ አንዷ ሌላዋን ሞታለች ትላለች፤ አንዷ አለሁ ማለት አልቻለችም። እመት ዘምዘም የልጃቸውን ለቅሶ እየሰሙ ከግራ ዓይናቸው እንባ ይወርድ ነበር። እንባ ደግሞ በስልክ አይሰማ።

ጋሼ ይመር ስልኩን ከእጄ ወስደው ወደ እመት ዘምዘም ጆሮ አስጠጉት።

«ሰዓዳ፣ እስከ ዛሬ እሷ ስትመርቅሽ ኖራለች። ዛሬ አንቺ መርቂያት።»

«ልጅ እናቱን ይመርቃል እንዴ?»

«ዛሬ ይመርቃል።»

«የሞተ ሰው ይመረቃል?»

«አይመረቅም። ስለዚህ መርቂያት።»

ሰዓዳ እየተንተባተበች ጀመረች። የሌላ ሰው ዱዓ አታውቅም፤ የእናቷን ነው የምታውቀው። «እናቴ፣ አላህ ከሰው ፊት ያቁምሽ» አለችና ቆመች።

ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አፉ ለአሚን ተከፈተ። ጋሼ ይመር ጣታቸውን አነሡ፤ ማንም እንዳይተነፍስ። መሪጌታ ወልዴ በሁለት እጃቸው አፋቸውን ያዙ። የእመት ዘምዘም ከንፈር ተንቀጠቀጠ። ምንም አልወጣም።

«የረገጥሽው ይለምልም፣ የጨበጥሽው ይባረክ።» አሁንም ቆመች። ከእመት ዘምዘም ጉሮሮ አንድ ሻካራ ነገር ተሰማ፤ ቃል አይደለም።

«ክፉ ዓይን አይይሽ፣ ክፉ ቃል አይድረስሽ።»

«አሚን» አሉ እመት ዘምዘም።

ሃያ አራት ቀን አንድ ፊደል ያልወጣበት አፍ፣ ጥርት አድርጎ «አሚን» አለ። ወዲያ ማዶ አንዳች ነገር ወደቀ፤ በኋላ እንደሰማሁት ራቢያ ናት የተንበረከከችው። ሰዓዳ ግን አላቆመችም። እያለቀሰች፣ ያወቀችውንም ያላወቀችውንም እየጨመረች መረቀች። እናቷ በእያንዳንዱ ቦታ፣ አንድም ሳይሳሳቱ፣ አሚን አሉ። እኛ አንድም ቃል አላወጣንም፤ ተራው የሳቸው ነበር። ነርስነቴን ረስቼ መሬት ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

በኋላ ሐኪሙን ጠየቅኩት። ይሆናል አለኝ። ንግግር የጠፋበት ሰው አንዳንዴ የለመደው ጸሎትና ምርቃት ይቀርለታል፤ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጠው አለ። «የት?» አልኩት። በደንብ አይታወቅም አለኝ። ይህን በሰማሁ ጊዜ ግርምቴ የሚቀንስ መስሎኝ ነበር፤ ጨመረ። ከዚያን ቀን በኋላም እመት ዘምዘም ሌላ ቃል አልተናገሩም። ውኃ ማለት አልቻሉም፤ የልጃቸውን ስም መጥራት አልቻሉም። በየጁምዓው ግን ሰዓዳ ትመርቃለች፣ እሳቸው አሚን ይላሉ።

የሰዓዳ አሠሪ ያን ዕለት ለቅሶውንና ዱዓውን ከበሩ ጀርባ ሆና ሰምታ ኖሯል። አማርኛ አታውቅም፤ አሚንን ግን ታውቃለች። «እናትሽ ናት?» አለቻት። ውሉን ቀድዳ፣ ሌላ ሠራተኛ እስክታገኝ ብቻ እንድትቆይ ጠየቀቻት። እስከዚያ አራት ወር ሄደ። ሰዓዳ መካነ ሰላም ስትደርስ እመት ዘምዘም ሁለተኛ ጊዜ ተመትተው ነበር። ታኅሣሥ ላይ ብትመጣ ኖሮ፣ ደግፋ ግቢው ውስጥ ልታንሸራሽራቸው ትችል ነበር። ያን የወሰድኩባቸው እኔ ነኝ። ይህን ማንም አያስተሰርይልኝም፤ ላሳንሰውም አልፈልግም።

ግን ዓይናቸው ነበር። ግራ እጃቸውም ነበር። ሰዓዳ አልጋው አጠገብ ስትንበረከክ ያን እጅ አንሥተው ፊቷን ከግንባር እስከ አገጭ ዳሰሱት፤ ዓይነ ስውር እንደሚዳስስ። እሷ መሆኗን ሲያረጋግጡ እጃቸውን እዚያው ተዉት።

እኔ ይቅርታ ለመጠየቅ ሁለት ቀን ፈርቼ በሦስተኛው ቀን፣ ልብስ ስታሰጣ አገኘኋት። «ሰዓዳ፣ አውፍ በይኝ» አልኳት።

ልብሱን ገመዱ ላይ ዘርግታ ጨረሰች።

«ሲስተር፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ እናት አልነበረኝም» አለች። «በአራተኛው እናቴ ተመለሰችልኝ። እናቱ ሞታ የተመለሰችለት ሰው እርስዎ ያውቃሉ? እኔ አላውቅም። አውፍ ብያለሁ።» ቀጥላም፣ «እነዚያን ሳምንታት ግን አይርሷቸው» አለችኝ። አልረሳኋቸውም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ዓመታት ስንት ጊዜ እንደደወልኩ እግዚአብሔር ይወቀው፤ ቆሜ ነው የደወልኩት። ጋሼ ይመር ዓይናቸው ደክሞ መምጣት ሲያቆሙ፣ አዲስ ለሚመጡት ነርሶች ያስተማርኩትም ይህንኑ ነው፦ መጀመሪያ ማን ከጎኑ እንዳለ ጠይቁ።

ሰዓዳ ከእናቷ ጋር ሃምሳ ሦስት ቀን ኖረች። ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ አጥሚት በማንኪያ ታጠጣቸዋለች። እመት ዘምዘም ያረፉት አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ ነው። ትንፋሻቸው እየራቀ እየራቀ ሲሄድ ሰዓዳ እጃቸውን ይዛ በጆሯቸው ትመርቃቸው ነበር፤ ከንፈራቸው እስከ መጨረሻው ይንቀሳቀስ ነበር። ካረፉ በኋላ ዓይናቸውን የከደነችው እሷ ናት።

እኔ ከልማድ የተነሣ ወጥቼ ስልኬን ከጋውኔ ኪስ አወጣሁ። መደወያ ቁጥሩን ለመፈለግ ጣቴ ሄደ። የጂዳውን ቁጥር። ከዚያ ነቃሁ። በክፍት በሩ በኩል ሰዓዳ እናቷ ደረት ላይ ራሷን አስደግፋ ስታለቅስ ይታየኝ ነበር፤ ሁለት ሴቶች ከግራና ቀኝ ይዘዋታል። በሥራ ዘመኔ ስንት ሞት ለሩቅ ሰው አስታውቄአለሁ። ለእመት ዘምዘም ግን የምደውልለት ሰው አልነበረም። ስልኩን ኪሴ መልሼ፣ ገብቼ ከሰዓዳ ጋር አለቀስኩ።